የሦስቱ ነገሥታት ወረቀትና ያንተ ስም

ውድ ወንድሜ ፋኑሪስ፣

የት እንዳለህ አላውቅም፤ በሕይወት መኖርህንም የነገረኝ የለም። ቢሆንም ወሬውን ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከእኔ ስማው ብዬ ነው። ከቤተ ክርስቲያን አንባቢነቴ ተባርሬአለሁ። ደግ አደረግሁ!

ያቺን ወረቀት ታስታውሳታለህ፤ ሦስቱ የዘመናችን ኃያላን ክርስቲያን ነገሥታት በቅድስት ሥላሴ ስም "ወንድማማች ነን፣ እንረዳዳለን" ብለው የፈረሙባትን። በየዓመቱ በመስቀል በዓል በዚህች የስደት ከተማችን በታጋንሮግ ለሕዝቡ የማነባት እኔ ነበርኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። አገራችንን ከቱርክ ለማስለቀቅ ባሕር ልትሻገር ስትነሳ "ምን አስቸኮለህ? ነገሥታቱ ምለዋል፤ ይመጣሉ" አልኩህ። አንተም "ላም አለኝ በሰማይ" ብለህ ሳቅህብኝ። በጣም ነበር የተናደድኩት።

አልመጡም። ጭራሽ በንጉሥ ላይ መነሳት ኃጢአት ነው፣ ቱርኩም ንጉሥ ነው አሉ! ከዚያ ወዲህ እናታችን የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም ጽፋ በሰጠች ቁጥር ቄሳችን አባ ሶፍሮኒዮስ ያንተን ይሰርዙታል፤ ለዓመፀኛ አይጸለይም ይላሉ። እሷም በሳምንቱ መልሳ ትጽፈዋለች። እኔ ግን ለሥራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ዘንድሮም መስቀል ደረሰና ወረቀቷን ይዤ ቆምኩ። "ክርስቲያን ሁሉ አንድ ሕዝብ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ አልሄድ አለኝ። እናታችን ከፊት ቆማ ታየኛለች። ያን ጊዜ ስምህን ጠራሁ፤ አብረውህ የተሳፈሩትን አሥራ አንዱንም በየስማቸው፣ ልክ ለሕያዋን እንደሚጸለየው በዜማ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ "አቤቱ ማረን" ሲሉ ሕዝቡ ተቀበላቸው።

አባ ሶፍሮኒዮስ ፊታቸው ደም መስሎ መጡ።

"ወረቀቱን ብቻ አንብብ አላልኩህም?"

"አባ፣ ወረቀቱ እኮ ነው ያስነበበኝ" አልኳቸው። "ፋኑሪስ ክርስቲያን ካልሆነ ይንገሩኝና እኔው ልሰርዘው።"

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝ።

አሁን እስከ እሑድ ሕዝቡ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ ካልጠየቅሁ አልመለስም ተብያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ "ጉልበትህ አይሰበርም፤ ተንበርከክና እረፍ" እያለ ይመክረኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ለእሳቸውም ለነገሥታቱም አንዲት ቃል ይቅርታ የለኝም።

ይቅርታ ያለብኝ ላንተ ነው። በሄድክ ቀን እናታችን ወደብ ወርዳ ስትሸኝህ፣ እኔ አኩርፌ ቤት ቀረሁ። መርከቧ እስክትርቅ በዓይንህ ስትፈልገኝ ነበር አለችኝ። ወንድሜ፣ ማረኝ።

ያላጎነበሰው ወንድምህ
ስታማቲስ