ተውኔቱን ለእኅት ሉትጋርዳ ያስመለሱት ዶክተር ኤውላሊያ ሳምብራኖ

የፑዌብላ ከተማ የጥንት እጅ ጽሑፎች አንባቢያን ማኅበር መሥራቹንና ሰብሳቢውን ዶክተር ኤውላሊያ ሳምብራኖን በሞት አጥቷል። ዶክተር ኤውላሊያ ኖቬምበር 9 ቀን 2023፣ የንባብ ቀናችን በሆነው ሐሙስ፣ በ87 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ሐዘናችን ጥልቅ ነው። ሆኖም የጀመሩትን ሥራ፣ ከአንድ መጽሐፍ በስተቀር፣ ፈጽመው በመሄዳቸው ይህን መግለጫ የምናወጣው ደስ እያለንም ነው።

በ1936 በአትሊክስኮ ከተማ የተወለዱት እኚህ ሴት ምሁር በስፔን ዘውድ ዘመን በአገራችን በስፓኝኛ የተጻፉ ሥራዎችን ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አስተምረዋል። በእርሳቸው ክፍል አንድን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያላነበበ ተማሪ ስለዚያ ጽሑፍ አንድ መስመር እንዲጽፍ አይፈቀድለትም ነበር። ገጽ የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በ1981 ከተዘጋ የሴቶች ገዳም መዝገብ ቤት ያገኙትን፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የገና ተውኔት አሳተሙ። በመጨረሻው ገጽ የአባ ባልታሳር ኦሮፔሳ ስም በትልቁ ስለሰፈረ ደራሲው እርሳቸው ናቸው ብለው ጻፉ። መጽሐፉ ለዶክተር ኤውላሊያ ዝና አተረፈላቸው።

በ1998 በአንድ ሐሙስ፣ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረችው፣ ዛሬ የማኅበራችን ጸሐፊ የሆነችው ኦብዱሊያ ቴኩዋፔትላ ተውኔቱን ስታነብ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ጽሑፉ ሰይጣን የሚሆነው ተዋናይ በማድ ቤቱ በግራ ምድጃ በኩል ይቁም፣ የቀኙ ይጨሳል ይላል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የገዳሙ ማድ ቤት ወንድ አይገባም። አባ የትኛው ምድጃ እንደሚጨስ ማን ነገራቸው?»

ዶክተር ኤውላሊያ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪበቃቸው ሳቁ። «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቄሱን ማድ ቤት ከትቼ ሳስተምር አንዳችሁም አትናገሩም?»

አባ ባልታሳር ተውኔቱን መርምረው እንዲታይ የፈቀዱ ሰው ብቻ እንደነበሩ በዚያው ወር በጋዜጣ አስታወቁ። የደራሲዋን ስም ግን ማንም አያውቅም ነበር። ስሟን ሳያገኙ ላለመሞት ወሰኑ።

በዚያ ገዳም ማንኛዋም መነኩሲት ቃል ኪዳን በምትገባበት ቀን ቃሏን በራሷ እጅ በአንድ መዝገብ ላይ ትጽፍ ነበር። ዶክተር ኤውላሊያ በጥንቱ ወረቀት ላይ የተውኔቱን ግጥም እየሰረዘ ያስተካከለውን የደራሲዋን የእጅ ጽሕፈት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ከሚሆኑት ቃል ኪዳኖች ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። በ2012 ተገኘች፦ የማድ ቤቱ ኃላፊ እኅት ሉትጋርዳ።

አዲሱ እትም በ2013 በስሟ ወጣ። ዶክተር ኤውላሊያ በዚህ አልረኩም። «የዚህ ተውኔት ደራሲ እኅት ሉትጋርዳ ናት፤ ስሕተቱ የእኔ ነው» የሚል ወረቀት አሳትመው፣ ሙጫቸውን ይዘው፣ የድሮው እትም ወዳለበት ሁሉ በአውቶቡስ ይሄዱ ነበር። በስድሳ አራት ቅጂዎች ላይ በእጃቸው ለጥፈዋል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ተውኔቱ በየዲሴምበሩ በገዳሙ አሮጌ ማድ ቤት ሲታይ ሰይጣን ሆነው በግራ ምድጃ በኩል የሚቆሙት እርሳቸው ነበሩ።

ከሚታወቁት ቅጂዎች የመጨረሻው፣ ስድሳ አምስተኛው፣ በአባላችን በጡረተኛው ፋርማሲስት በዶን ቬንሴስላኦ እጅ ነበር። በ1981 የተፈረመላቸው ስለሆነ በላዩ ላይ ሙጫ አላስነካም አሉ። ዶክተር ኤውላሊያም ባገኟቸው ቁጥር፣ «ዶን ቬንሴ፣ ፊርማዬን ሲጠብቁ የሴትዮዋን ስም እንደያዙባት ይወቁት» ይሏቸው ነበር።

ለእኅታቸው ለዶኛ ፔርፌክታ፣ ለኦብዱሊያና ለሐሙስ አንባቢያን በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን። የዘንድሮው ተውኔት ዲሴምበር 16 ቀን እንደታሰበው ይታያል። ሰይጣን የምትሆነው ኦብዱሊያ ናት።

አስከሬናቸው በቤታቸው በተሸኘበት ከሰዓት በኋላ፣ ሐዘንተኛው ታማሌ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ እየበላ የዶክተር ኤውላሊያን ሰይጣንነት እያስታወሰ ሲስቅ፣ ዶን ቬንሴስላኦ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ኦብዱሊያን ከዶክተር ኤውላሊያ የእርማት ወረቀቶች አንዱንና ሙጫ ጠየቋት። ወረቀቱን ከፊርማው በላይ፣ ሳያጣምሙ፣ ለጠፉ።

ማኅበሩ ሥራው መፈጸሙን በዚህ አጋጣሚ ያስታውቃል።