የታጠፈች ጣት

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ስትውል አሁንም ይቆራርጥሃል? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ? ስልክ ስትደውል የምታናግረው እማዬን ነው፤ እኔ ጋ ሲደርስ ወይ ካርድህ ያልቃል ወይ ከኋላህ ጥሩምባ ይነፋብሃል። ሳታቋርጠኝ የምታዳምጠኝ በደብዳቤ ብቻ ነው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

እኛን ከጠየቅከን ቆመን እንሄዳለን። እማዬ ትሠራለች፣ እኔ ትምህርት ቤት ውዬ እመጣለሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እናትህን አይዞሽ በላት» ይለኛል። እሺ ብዬ እመጣለሁ፣ እላታለሁ። እኔን አይዞህ ያለኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም አርፍጄ መጥቼ በሩን ሊዘጋብኝ ሲል ነው። መቀየሜ አይደለም። ግን እህቱ የሞተችበት ሰው መልእክት አድራሽ ብቻ አይደለም አይደል?

እማዬ ስልጠናውን እንደገና ከፍታዋለች። ጠዋት አበባ ማሰናዳት፣ ከሰዓት የዕፅዋት ስዕል፣ ፀሐዩ ሲበርድ የጓሮ ሥራ። ጡረታ የወጡት ነርስ ዘንድሮም አሉ፤ ጽጌረዳዋን ከመቁረጣቸው በፊት «አይዞሽ፣ አያምሽም» ይሏታል። የስዕል መምህሩ፣ እህቴ «ጋሽ እርሳስ» ያለቻቸው፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ዛሬም እርሳስ ይፈልጋሉ። «ጋሼ፣ ጆሮዎን ይጠይቁ» የምትላቸው እሷ ነበረች። አሁን የሚነግራቸው ስለሌለ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ይቆያሉ።

በዚህ ወቅት አንዲት አዲስ ሰልጣኝ መጣች። እኔ «መጤዋ» እላታለሁ፤ እማዬ ስትሰማኝ በዓይኗ ትቆነጥጠኛለች። ቀጭን ናት፣ ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም፣ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም አንዳንድ እቅፍ አበባ እንዲያስሩ ታዘዙ። እኔ በሩ ጋ የተቆራረጠ ግንድ እየጠረግኩ ነበር። እማዬ እየዞረች ስታይ ቆይታ መጤዋ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ነበር። ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ የነበረውን የእህቴን ሽርጥ አነሳችና መጤዋን አለበሰቻት። በመስኮቱ በኩል ባለው የእህቴ በርጩማ ላይም አስቀመጠቻት።

አባዬ፣ ቀናሁ። ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ። ሽርጡ ኪሱ ላይ የቅጠል ቀለም ጠብታ አለበት፤ እህቴ ብሩሿን ስትጠርግበት የቀረ ነው። እኔ ያንን ጠብታ ማንም ሳያየኝ እነካው ነበር። አሁን መጤዋ ለብሳው ትወዛወዛለች። እማዬ «ልጄ» ትላታለች። «ልጄ፣ ውሃውን ለውጪ፤ ልጄ፣ ግንዱን በሰያፍ ቁረጪ።» እኔን የምትጠራኝ «ና አንተ» ብላ ነው። አንድ ቀን ጋሽ እርሳስ ኪሳቸውን ሲዳብሱ መጤዋ ድምፅ ሳታሰማ ሄደችና እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሁሉም ሳቁ። እማዬም ሳቀች። እህቴ ከሞተች ወዲህ እማዬ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው፤ ያሳቀቻት ግን እኔ አይደለሁም። በማግስቱ የመጤዋ ችግኞች ላይ የተሰኩትን የስም እንጨቶች አቀያየርኳቸው። እሷ ግን አየቻቸው፣ መለሰቻቸው፣ ለማንም አልተናገረችም። ብትከሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህንን ሁሉ የምጽፍልህ አጉል ስሞታ ለማብዛት አይደለም። ዋናው የወረቀቱ ነገር ነው። አንተ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለነበርክ ላታስታውሰው ትችላለህ። በእኛ ስልጠና አንድ ሰው አንድ ተክል ይመርጥና በአንድ ወረቀት ላይ በአራት ወቅት ይስለዋል፤ መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ አበባውን፣ ቀጥሎ ፍሬውን፣ መጨረሻ ላይ ሥሩን። ለሥሩ ተክሉ ራሱ መነቀል አለበት። እህቴ የመረጠችው ራሷ የተከለቻትን ቀይ ዳሊያ ነበር፣ ሥሯ እንደ ድንች ዘለላ የሚሆነውን። ሦስቱን ሳለች። ፍሬዋን ስትጨርስ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሁለት መስመር ተዛንፎባታል፤ ቀና አድርጋ ልትደግመው ብላ ነበር። አራተኛው ቦታ ባዶ ነው።

እማዬ ሥሩን መጤዋ ትሳለው አለች።

በጠረጴዛው ፊት ተነስቼ እኔ እስለዋለሁ አልኩ። እማዬ «አንተ ፈረስ ብትስል እንኳ ድንች ይመስላል» አለችኝ። «ታዲያ የዳሊያ ሥር ድንች አይመስል? የሚፈለገው እኔ ነኝ» አልኳት። ነርሷ «እውነቱን ነው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ልጅ ነው» ብለው አገዙኝ። ጋሽ እርሳስ ግን ወረቀቱን ተመልክተው፣ ሦስቱን የሳለ እጅ ከአራተኛው ጋር እንዳይጣላ፣ ከዚህ ክፍል እጇ ለዚያች እጅ የሚቀርበው ይህቺ ልጅ ናት አሉ። መጤዋ አንገቷን ደፍታ ሽርጧን ታፍተለትል ነበር። እኔ ስለ ስዕሉ ብቻ አልነበረም የተጣላሁት። ያንን አፈር መጨረሻ የነካችው እህቴ ናት። ሥሩ ከወጣ አፈሩ የማንም አፈር ይሆናል። ይህንን ግን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማለት አቃተኝና በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

የሚነቀልበት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ መደቡ ጋ ሄጄ ቆምኩ። የመቆፈሪያ ሹካውን ዳሊያዋን ማን እንደሚያስነካት አያለሁ ብዬ ነበር። ሰልጣኞቹ ሁሉ ዙሪያውን ከበው ቆመዋል። የዳሊያዋ አገዳዎች ደርቀው ወደየአቅጣጫው ተንጋለዋል፤ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ላይ መታሰር ነበረባቸው። መጤዋ ተንበረከከች፣ ከሽርጡ ኪስ ሲባጎ አወጣች፣ አገዳዎቹን ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ሌባ ጣቷን ወደ መዳፏ አጥፋ በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ማሰር ጀመረች።

አባዬ፣ ይህንን ለአንተ ማስረዳት የለብኝም። ሌባ ጣትህን የጭነት መኪናው በር የወሰደብህ እኛ ሳንወለድ ነው። «ሌባዋ ቀድማ ሄዳለች፣ የቀረሁት ሐቀኛው ነኝ» እያልክ ታስቀን ነበር። የሸራ ገመድ ስታስር አጠገብህ ቁጭ ብለን እያየን ለመድን፤ እኔና እህቴ ጣታችን ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ስናስር አጥፈን እንደሌለች እናደርጋታለን። እማዬ «የሌለው ቢያጥፍ ምን ይገርማል፣ እናንተ ጣት እያላችሁ!» እያለች ሌባ ጣታችንን በአበባ ግንድ ስትመታን ኖራ ሰለቻት። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ተሳስቶ የሚያስር ሰው ከእህቴና ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ደሜ ፈላ። «ሽርጧን ወሰድሽ፣ በርጩማዋን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ አስተሳሰሯንም ሰረቅሽ?» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እጇን አየችው፣ እንደማታውቀው ሰው እጅ። «ምኑን?» አለች። «ጣትሽን! ለምን ታጥፊያታለሽ?» አልኳት። ሌላ አስተሳሰር እንደማታውቅ፣ ልጅ ሆና አባቷ ሲያስር እያየች እንደለመደችው ነገረችኝ። ነርሷ ነገሩን ለማብረድ ብለው «ምነው፣ አባትሽ ጣት የላቸውም እንዴ?» አሉና ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። «ይህቺኛዋ የለችውም» አለች።

ነርሷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ እማዬን አየኋት። እማዬ ደግሞ መሬቱን አየች፣ ከዚያ «በሉ እንግዲህ፣ አፈሩ ሳይደርቅ» አለችና ሹካውን ከግድግዳው አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ። ለእሷ አይደለም፤ ለእኔ። እንዴት እንደቆፈርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከሥሩ አፈሩ ሲላቀቅ የተሰማኝን ድምፅ ብቻ ነው።

መጤዋ እህቴን አይታ ልትኮርጅ አትችልም፤ እሷ ስትመጣ እህቴ አልነበረችም። ይህ እዚያው ቆሜ እያለሁ ነው የገባኝ። ቀልድህም ትዝ አለኝ። አላሳቀኝም።

ሥሩን ቧንቧው ስር ስናጥብ እማዬን የማን ልጅ እንደሆነች ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች ጠየቅኳት። «ከመጀመሪያው እቅፍ አበባ» አለችኝ። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት ጭቃውን በአውራ ጣቷ እየፋቀች «ልጅቷ ምን አጠፋች?» አለች። 

ከዚያ መጤዋ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። የታጠበውን ሥር በጨርቅ ላይ ዘርግታ ገና አልጀመረችም ነበር። ዕድሜዋን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። በእህቴና በእኔ መሃል ትውላለች። እህቴን ታውቃት እንደሆነ ጠየቅኳት። በፎቶ አለችኝ፤ መኪና ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ በተሰቀለ ፎቶ። «አንተም አለህበት፤ የፊት ጥርሶችህ ወልቀው ነበር» አለችና ልትስቅ ብላ ተወችው። አበባ እንደምትስል ትሰማ ስለነበር አንድ ቀን ሄጄ አያታለሁ እያለች ስታመነታ እህቴ ሞታ ቀደመቻት። የቀብሩ ቀን መጥታ እንደነበር፣ ከበሩ ሳታልፍ እንደተመለሰች ነገረችኝ።

ያን ቀን እኔ አንተን ተደግፌ ነበር የቆምኩት። ቀና ብለህ ወደ በሩ ስታይ ክንድህ ሲጠነክር ተሰምቶኛል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቀና አላልክም። ወደ ቤትም ከዚያ ወዲህ አልመጣህም። እኔ ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ቦታ ቀይሮ ተቀመጠ እንጂ አልሄደም። ያ አስተሳሰር በአንድ ቀን የሚለመድ አይደለም። እኔ ለመልመድ ስንት ከሰዓት አጠገብህ ቁጭ ብዬ እጅህን እንዳየሁ አውቃለሁ። እሷም ያንኑ ያህል አይታዋለች ማለት ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ የመኪናህን ድምፅ ስጠብቅ፣ ጎማ ፈንድቶበት ነው፣ ድልድይ ተሰብሮበት ነው እያልኩ ለጓደኞቼ ስናገርልህ በነበሩት ሰዓታት ውስጥ። ሽርጡን ለእሷ ትቼላታለሁ። እነዚያን ሰዓታት ግን እንዴት አድርጌ እንደምተውላት አላውቅም። አንተ ታውቅ ይሆናል።

ሥሩን ሳለችው። ጋሽ እርሳስ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አደረጉና የሚያርሙት አጡ፤ ለእሳቸው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። የተዛነፉትን ሁለት መስመሮች ላቃናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ነው የጠየቀችው፣ እማዬን አይደለም። ተያቸው አልኳት። ከታች ስሟን እንድትጽፍ ሲነግሯት እምቢ አለች፤ ስሙ የእህቴ ብቻ ነው። ወረቀቱን ጠቅልዬ በሲባጎ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷ ጣቴን እያየች ነበር።

ሥሩን እማዬ ከፋፈለችው። ዓይን የሌለው ቁራጭ የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም፤ ስለዚህ ከአገዳው ግርጌ ዓይን እየያዘ እንዲቆረጥ ትጠነቀቃለች። አንዱ የእማዬ ነው፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱን መጤዋ በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደች። መጤዋ ማለቱን ደግሞ እተዋለሁ፤ አፌ ለምዶት ነው። አንዱ ቀርቷል፤ የአንተ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ደረቅ ሰጋቱራ ሞልቼበት አስቀምጬዋለሁ። በሚመጣ ሰው እጅ ልላክልህ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ዝናቡ ሲጀምር መጋዘን ውስጥ እንዳለ ያቆጠቁጣል፣ ሰው አይጠብቅም። መጥተህ ራስህ ትከለው። ምንም እንድታስረዳኝ አልፈልግም። የአንተ፣ የእሷና የእኔ እጅ ሦስት ሆኖ አገዳ መደገፊያ ስናስር አጠገባችን እንድትቀመጥ ብቻ ነው።

እማዬ ሰላም በልልኝ ብላሃለች፤ ቆይታ ነው ያለችው፣ ግን ብላለች። ሌላም ሰላም የምትልህ አለች። እኔ አላደርስልሽም፣ ሲመጣ ራስሽ ትነግሪዋለሽ ብያታለሁ። መልእክት ማድረስ ሰልችቶኛል።

ፈጣሪ መንገድህን ቀና ያድርግልህ። ፍሬንህን ይጠብቅልህ፣ እንቅልፍ መሪ ላይ አያግኝህ፣ በሰላም ወደ በራችን ይመልስህ።

ልጅህ፣
የሁለቱም ወንድም