«ሁላችሁም ተነሱ!»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ባለቤቴን ግርማን ወደ መሥሪያ ቤቴ ዓመታዊ ኮንፈረንስ ይዤው የሄድኩት ልቡ እንዲበረታ ብዬ ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከሪችፊልዱ አፓርትመንታችን የሚወጣው ለሐኪም ብቻ ነው። አረጋውያን የምንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ዘንድሮ የትዳር ጓደኞችንም ስለጋበዘ፣ ሱፉን አልብሼ በዊልቸር ወሰድኩት።

ተናጋሪዋ የቀድሞ ሯጭ ናት። ከመኪና አደጋ በኋላ ሐኪሞች አትራመጂም እንዳሏት ነገረችን። «እኔ ግን ለመራመድ ወሰንኩ። የሚያስፈልገው ውሳኔ ብቻ ነው!» አለች። ከዚያ «ሁላችሁም ተነሱ!» ስትል አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም ሳላስበው ተነስቻለሁ። ዝቅ ብዬ ሳይ ግርማ በሰዎች ጀርባ ተከቦ ጉልበቱን ያያል።

ከምሳ በኋላ ጭፈራው ሲጀመር ይዤው ወጣሁ። ወደ ቤት ድራይቭ ሳደርግ፣ ቃላቱን እየጎተተ፣ «እኔ ስላልወሰንኩ ነው እንዴ፣ አልሚዬ?» አለኝ።

«እሷ ስለ ራሷ ነው ያወራችው» አልኩት። 

ቤት ገብተን ጫማውን ሳወልቅለት፣ «ሰኞ ቴራፒስቷ እንዳትመጣ ደውይላት» አለ። አንድ ቀን እንኳ ከእሷ ጋር የሚሠራውን የመራመድ ልምምድ አስታጉሎ የማያውቅ ሰው!  አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጋድሟል። እንዳልተኛ አውቃለሁ፤ ለቴራፒስቷ ግን እስካሁን አልደወልኩም።