የወንዳፍራሽ እናት ያጎነበሱ ዕለት

ሰበታ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ወርቅውሃ፣

ጎረቤታችን ገለቴ ከተኛችበት ተነስታለች። ወገቧን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ምላሷስ ድሮም አልታመመ። ምራቷ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ቁርጥ አያቷን ናት አሉ፣ ለቅሶዋ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ይህን የማወራሽ ዋናውን ነገር መጻፍ አፍሬ ነው።

ከባልሽ ቤት ወጥተሽ ተፍኪ አክስትሽ ቤት መሆንሽን ከሰማሁ ወር አለፈኝ። ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም የቀረሁት፤ በምን ዓይኔ ልይሽ?

ወንዳፍራሽ ላንቺ ሽማግሌ ሲልክ አባትሽ እስከ ሰባት ቤት ዘር አስቆጠሩ፤ ዝምድና አልተገኘም። እኔ ደግሞ ቤቱን ልይ ብዬ ቡራዩ ሄድኩ። ልጁ ከሥራ ገባ። ካፖርቱን ሚስማር ላይ ሊሰቅል እጁን ሲያነሳ፣ አጠገቡ የቆሙት እናቱ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን በክንዳቸው ከለሉ። ወዲያው ደግሞ ነጠላ እንደሚያስተካክሉ ሆኑ። ፈራሁልሽ። ግን ያየሁት ያንን ብቻ ነው፤ በዚያ ምን ብዬ ሽማግሌ ልመልስ? «እማዬ፣ ሰውየውስ እንዴት ነው?» ስትይኝ ስለ ቆርቆሮ ጣሪያው አወራሁሽ።

ይህስ ይሁን። በጥቅምት ዓይንሽ አብጦ ስትመጪ «ትዳር ነው፣ ቻይው» ብዬ እስከ አውቶቡሱ ሸኘሁሽ። መንገዱን ሙሉ ሆዴ አትስደጃት ይለኝ ነበር። ሰው ምን ይለኛል የሚለው በለጠብኝ። ልጄ፣ አላወቅሁም ብዬ አልዋሽሽም፤ አውቄ ነው የመለስኩሽ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝ አልቀየምሽም።

ትናንት ያኔ ላንቺ የመጡት ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ፤ ኦቦ ደገፋና ሁለት ሰዎች።

«ልጅቷን ስጡን» አሉ ኦቦ ደገፋ። «ዳግም እጁን እንደማያነሳባት በማርያም ምሏል።»

አባትሽ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ «አልሰጥም» አልኩ።

«ምክንያቱን ንገሪን እንጂ አረጋሽ። ምን ብለን እንመለስ?»

«ሆዴ እምቢ ብሎኛል።»

አንደኛው ሳቁ። «ከመቼ ወዲህ ነው የሴት ሆድ ዳኛ የሆነው?»

ኦቦ ደገፋ አልሳቁም። ሌሎቹ ሲወጡ ደጃፉ ላይ ወደ ኋላ ቀሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያኔ ስንመጣ ብትመልሺን እኔም እፎይ ባልኩ ነበር» አሉኝ።

እናትሽ አረጋሽ