አገዳው ቀድሞ፣ ቅጠሉ በኋላ

ለውዷ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ዛሬም ልብስ ስታሰጪ ይይዝሻል ወይስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? አሁንም ሬዲዮኑን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ያንኮራፋል? ልጅሽ ሚጢጢስ፣ ያ የወለቀው የፊት ጥርሷ ተተካላት? እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ከሳሙናው ብዛት ተላጠ እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። እናታችንን በሰላምታው ውስጥ ሳልጠራ ያለፍኩት ረስቼ እንዳይመስልሽ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው፤ እስክደርስበት ታገሺኝና ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

የምሠራበትን የልብስ ማጠቢያ ቤት ከዚህ በፊት ጽፌልሻለሁ። የሆቴል አንሶላ በጋሪ እየገፋሁ ማሽን ውስጥ እከታለሁ፣ እርጥቡን አውጥቼ ወደ ማድረቂያው እወስዳለሁ፣ ቀኑ እንዲሁ ያልቃል። ከቤቱ ጀርባ የማሽኖቹ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ። የዛሬ አራት ወር ገደማ ጋሪ ላጥብ ወደዚያ ብወጣ ያንን እናታችን በጓሮው ገንዳ የምታበቅለውን የእኛን የውሃ ጎመን አየሁት። ቅጠሉ እንደ ጦር ጫፍ ሾል ያለ፣ ረጅም አገዳው ውስጡ ባዶ፣ ውሃው ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስወጣ ስገባ ዓይኔ አርፎበት አያውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ አንዱን አገዳ በጣቴ ጫን ባደርገው ጧ አለ። እትዬ፣ ሰውነቴ ሁሉ ደነገጠ። እናታችን ከኋላዬ ቁጭ ብላ ጎመን የምትቀነጥስ መሰለኝና ዞር ብዬ አየሁ። ከአንሶላ ጋሪው በቀር ማንም አልነበረም።

ለቅሜ ወደ ቤት ስገባ አብሮኝ የሚኖረው ቧንቧ ሠራተኛ አየኝና ከዚያ ቦይ የበላህ ቀን ሆድህ ራሱ አረፋ ያወጣል ብሎ አስጣለኝ። እውነቱን ነው፤ የማጽጃ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ቅጠል አይበላም። እሱው ገበያ ወስዶ ከአንዲት ጎመን ሻጭ ዘንድ አንድ እስር አስገዛኝ። ጫፍ ጫፉን በላነው፣ የታችኛውን አገዳ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። በአምስተኛው ቀን ከየአንጓው ነጭ ሥር አወጣ። ከዚያ በቀለም ባልዲ ጭቃ ሞልቼ መስኮቱ ሥር ፀሐይ በሚያገኝበት ተከልኩት። ከጭቃው በላይ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ መቼም አይጎድልበትም። ከሁለተኛው አንጓ ከፍ አድርጌ በቆረጥኩት ቁጥር በአንዱ ፋንታ ሁለት እያወጣ ይመለሳል። ቧንቧ ሠራተኛው ይህ ልጅህ አድጎ ከአልጋዬ ሊያወርደኝ ነው እያለ ይቀልድብኛል።

ማብቀሉን ቻልኩበት፤ አሠራሩ ላይ ግን ተጠራጠርኩ። እናታችን ስትሠራው ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ቢሆንም እጄን አላመንኩትም። ስለዚህ እሷን ጠይቀሽ እንድትጽፊልኝ ላክሁብሽ። እሷ እየተናገረች አንቺ መጻፍ የኖርንበት ነገር ነው። መልስሽ የመጣ ቀን ከደስታዬ የተነሣ ሳልከፍተው ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። እንዲህ ይላል፦ «እናታችን የምትልህ፣ አገዳውንም ቅጠሉንም በቢላ አድቅቀህ አንድ ላይ ድስት ውስጥ ጨምረው። ክዳኑን ግጠመውና እስኪለሰልስ ግማሽ ሰዓት ይብሰል።»

እንዳልሽው አደረግኩ። እሁድ እኩለ ቀን ላይ ነበር፣ ፀሐዩ ማድ ቤቱን ሞልቶታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ምድጃ ፊት በቆምኩ ቁጥር እናታችን ከኋላዬ ትቆም ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ ጣትህን ትለኛለች፣ ዘይት ሳበዛ ልትዋኝበት ነው ወይ ትለኛለች፣ እኔም ድምፄን አውጥቼ እመልስላታለሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ከማን ጋር ነው የምታወራው እያለ ሲስቅብኝ ከርሟል። ያን ቀን ቅጠሉን ከአገዳው ጋር አንድ ላይ ስጨምር ቁጣዋን ጠበቅኩ። ክዳኑን ስገጥምም ጠበቅኩ። ዝም አለች። እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዝምታ የፈራሁት ነገር የለም። ክዳኑን ስከፍተው ጎመኑ ጠቁሮና ተዝለግልጎ ድስቱ ላይ ተጣብቋል። የአንቺ ቃል ስለሆነ አንድም ሳላስቀር በላሁት።

እናታችን እንዲህ አትልም። ያንን ጎመን ቢላ አታስነካውም። ጨው ነካ ባደረገው ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ ሦስት ጊዜ ታጥበዋለች፣ አገዳውን አንድ በአንድ በጣቷ ጫን አድርጋ ታፈነዳና ውስጡ ትል እንዳይኖር ታያለች። ዘይቱ ሲግል ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ታስገባለች፣ ቀጥሎ አገዳውን፣ ቅጠሉን ከሁሉም በኋላ። በዚያች ጠርዟ በተቃጠለ የእንጨት ጭልፋዋ ሁለቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ወዲያው ታወርደዋለች። ክዳን የገጠመ ሰው ካየች «ምነው፣ ቀበርከው?» ትላለች። አንቺ ይህን ባታውቂ አይፈረድብሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ይህን ሣር ለበግ ስጡልኝ እያልሽ ጎመኑ ሲገባ ከማድ ቤት ትወጪ ነበር። እሷ አጠገብሽ ብትኖር ግን ብዕርሽን ትይዘው ነበር። የጻፍሽው ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ወደ ኋላ እያሰብኩ ነው። አምስት ወር ሙሉ ስደውል አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ጎረቤት ሄዳለች፣ አንዴ ጉንፋን ድምፅዋን ዘግቶታል። አጥብቄ ስጠይቅ ስልኩን ለጋሼ ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ስለ ዝናብ ያወራኛል። በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ ደግሞ የጓሮው ገንዳ ስለደረቀ ዕቃ አስቀመጥንበት አልሽኝ። ውሃ በጠፋ ዓመት ፊቷን የታጠበችበትን እያጠራቀመች ለዚያ ገንዳ ትሰጥ የነበረች ሴት እያየች ታስደርቀዋለች? ይህን ሥራ ቦታ ደግሜ ሳነብ አንሶላው ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

አልተቆጣሁሽም። ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ማን እንባውን ይጠርግለታል ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ። የልጅነት ሆዴን ታውቂዋለሽ። ግን እትዬ፣ በሕይወት ያለች እናቴን በልቤ ገድዬ እየዋልኩ ይሁን፣ ወይም የሞተችውን እንደምን አደርሽ እያልኩ፣ አላውቀውም። ማሽኑ ፊት ቆሜ የታጠበውን አንሶላ መልሼ አጥባለሁ። ከምድጃው ኋላ ያ ቦታ ባዶ ነው፤ ሳላስበው እየዞርኩ አየዋለሁ። ይህ ከመርዶው ይከፋል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሹፌር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ስድስት አገዳ ይሰጥሻል። ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው፣ ሥር ሲያወጣ ገንዳውን አስለቅቂና ትከይው። ሚጢጢ አጠገብሽ ሆና ታፈንዳ፣ ድምፁን ትወደዋለች። አሠራሩን ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ገልብጠሽ አስቀሪው። ለልጅሽ ስታሳያት አያትሽ የምትለው ብለሽ ንገሪያት፤ ይህኛው እውነት ነው።

ጋሼን ስለ ዝናቡ ሁሉንም ሰምቻለሁና ሌላ ወሬ ይፈልግ በይልኝ፣ እንደምወደውም ንገሪው። ሚጢጢን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። የአጥር ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን እጅ ነሥቻለሁ፤ የሰፋችልኝ ኮት ዛሬም አላረጀም። እናታችንን ሰላም የምላት ከሁሉ አስቀድሜ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚህ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቼላታለሁ። ካለች በልጅነቴ አገዳውን ሳፈነዳ ምን ትለኝ እንደነበር ጠይቂያትና እየሳቀችብኝ የምትመልሰውን እንዳለ ጻፊበት፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሌለች ምንም አትጻፊ፤ ወረቀቱን እንዳለ መልሰሽ ጭልፋዋን ጠቅልይበትና ለሹፌሩ ስጪው። ካለች ያንን ጭልፋ ለማንም እንደማትሰጥ አንቺም እኔም እናውቃለን።

.............................................................

ታናሽ ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ባልዲው ካለበት ክፍል
መጋቢት ፱ ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ