በሰዓቱ ማማ ሥር አስጎብኚ ያደረግከኝ ቀን

ውድ ሹንፔይ፣

«የሆቴሉ አስጎብኚ ናት» ብለህ ለእናትህ ስታስተዋውቀኝ የሰዓቱ ማማ እኩለ ቀንን መደወል ጀምሮ ነበር። እናትህ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ከማማው አጠገብ ባለው የእግር መንከሪያ ፍልውሃ ውስጥ ነክረዋል። እኔ አጠገብህ ቆሜያለሁ። «እጮኛዬ ናት ብዬ አስተዋውቅሻለሁ» ስላልከኝ ጠዋት ሦስት ጊዜ ልብስ ቀይሬ ነበር የመጣሁት።

ዞር ብለህ አየኸኝ። ዓይንህ ይለምነኝ ነበር።

ያኔ ትቼህ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በንዴት ብቻ እጽፈው ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና «እንኳን ደህና መጡ» አልኳቸው። ማማው በውስጡ ባለው ሞተር ፎቅ በፎቅ እየረዘመ ሲሄድ፣ መስኮቶቹ ተከፍተው የሰዓቱ አሻንጉሊቶች እየዞሩ ሲወጡ፣ በጣቴ እያመለከትኩ አስረዳኋቸው። ከበሮ መቺዋን አሳየኋቸው፤ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውንም ሽማግሌ።

«ከባሌ ይሻላል» አሉ እናትህ። «እሱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ከቤት አልወጣም።»

ሳቅኩ። ወደድኳቸው፤ የባሰውም ይኸው ነው።

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ የዚሁ አገር ሰው ነሽ? ወላጆችሽ ምን ይሠራሉ?»

እናቴ ባልዲና ብሩሽ ይዛ ከማማው ማዶ ካለው የሕዝብ ፍልውሃ መታጠቢያ ቤት የኋላ በር የወጣችው ይሄኔ ነው። የዚያን ቤት ወለል ሃያ ሁለት ዓመት ፈግፍጋ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝ ሴት። ከእናትህ ጋር የምተዋወቅበትን ቀን ታውቅ ስለነበር የሥራ ሻሿን አውልቃ ፀጉሯን አበጥራለች። ፈገግ ብላ ወደ እኛ መጣች።

«እዚህ ዘመድ የለኝም» አልኳቸው።

ሰማችኝ። ባልዲውን አስቀምጣ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ዝቅ ብላ እጅ ነሣችን። ለእኔም ጭምር።

«ያገራችሁ ሰው እንዴት ጨዋ ነው» አሉ እናትህ።

ማታ ቤት፣ እራት ላይ እናቴን ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ «እንግዶችሽ ሰዓቱን ወደዱት?» አለችኝ።

«እማ፣ ክጄሻለሁ።»

«አይቻለሁ» አለችና ሩዝ ጨመረችልኝ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

መልእክትህ የደረሰኝ እዚያው ማዕድ ላይ ነው። «አዳንሽኝ። እናቴ በጣም ወዳሻለች። ትንሽ ታገሺ፣ የእናትሽን ሥራ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

ሹንፔይ፣ ፈሪ መሆንህን ድሮም አውቅ ነበር። ያላወቅኩት የራሴን ነው። እኔን የካድከኝ አንተ ነህ፤ እናቴን የካድኳት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ባንተ አላሳብብም። ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ለእናትህም ጽፌላቸዋለሁ። ማን እንደሆንኩ፣ ባልዲዋን አስቀምጣ እጅ የነሣቻቸውም ሴት ማን እንደሆነች፣ በዚያች ሰዓት እንደዋሸኋቸውም ነግሬያቸዋለሁ። የፈለጉትን ይፍረዱ።

አንተን ግን ከዛሬ ጀምሮ አልጠብቅህም። ቀስ ብሎ የሚነገር ሰው አልሆንም። እናቴ በፊት ለፊት በር የማትገባበት ቤት፣ የንጉሥም ቢሆን፣ እኔ ሙሽራ ሆኜ አልገባበትም።

ቺዙሩ፣
የወለል ፈግፋጊዋ የሳዋኮ ልጅ