ከአጋዘኑ ጋር እርሳስ ለላኩልን ሥራ አስኪያጅ

የአጋዘን ሥጋ ለችግረኞች ለሚያድለው ማኅበር የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በደምዎ ውስጥ ከደም በቀር ሌላ ነገር እንዳይገኝ ዘወትር እጸልያለሁ። ኤልፍነሽ እባላለሁ፤ ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ማኅበርዎ የሚልከውን የተፈጨ ሥጋ ለምእመናን የማድለው እኔ ነበርሁ። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

፩. ልጄ ሶልያና ነፍሰ ጡር ሳለች ብረት ያስፈልግሻል ስላሏት፣ ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ሥጋ በላች። አንድ ቀን ከጥርሷ ሥር ግራጫ ፍንጣሪ አወጣች። ደሟ ተመረመረ፤ ሐኪሟ ውጤቱን አይታ፣ «ቤታችሁ የአደን ሥጋ ይበላል?» ብላ ጠየቀቻት። በደሟ እርሳስ የሚሉት መርዛም ማዕድን ተገኝቶ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ የማውቀው ልጆች ፊደል የሚጽፉበትን እርሳስ ብቻ ነበርና፣ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. ከአዳኞችዎ አንዱ፣ እዚሁ ለንደን የተወለደው የእኛው ልጅ ቤንጃሚን፣ ነገሩን ሰምቶ ቤታችን መጣ። ሁለት ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «እትዬ፣ የዚህኛው ውስጡ እርሳስ ነው፤ አጥንት ሲመታ ዓይን የማያየው ብናኝ ሆኖ ሥጋው ውስጥ ይበተናል። ይሄኛው ድፍን መዳብ ነው፤ አፉ ይከፈታል እንጂ እንደዚያ አይበጣጠስም» አለኝ። በመዳብ እንተኩስ ብሎ ቢለምንዎ፣ ከሩቅ ሲተኮስ በደንብ ስለማይከፈት አጋዘኑ ይሠቃያል ብለው መለሱለት። ቤንጃሚንም አልካደም፤ «ቀረብ ብሎ መተኮስ ነዋ!» አለ እንጂ። ለአጋዘኑ ያለዎት ርኅራኄ ግን እንባዬን ያመጣዋል።

፫. የቀረውን ሥጋ ቢሮዎ ድረስ ስመልስ፣ «ጥይት የመታውን ቦታ ቆርጠን ስለምናወጣ ስጋት አይግባዎት» አሉኝ። ስጋቱ ግን ገባ። ሕፃኑ ባለፈው ወር ተወለደ፤ ያምራል። ጉዳት ይኑር አይኑር የሚታወቀው ሲያድግ፣ አፉን ሲፈታ፣ ትምህርት ሲጀምር እንደሆነ ነግረውናል። ሶልያና ድምፅ ባሰማች ቁጥር ዞር ይል እንደሆነ ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ እሷን እጠብቃለሁ።

ለአጋዘን የሚራራ ልብዎን ፈጣሪ ለሰውም ያሰፋልዎ ዘንድ የምትማልድ፣ አክባሪዎ፣

ኤልፍነሽ፣ የአንድ ሕፃን አያት

ማሳሰቢያ፦ የመለስሁልዎትን ሥጋ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ወዳለው የምግብ ማደያ እንዳሳለፉት ሰምቻለሁ፤ መቼም እህል ሲባክን አይወዱም። ቅዳሜ ሲታደል እኔም ከደጃፉ አልጠፋም። ለተሰለፉት ሁሉ፣ ይልቁንም ለነፍሰ ጡሮቹ፣ የላከላቸው ማን እንደሆነ ስምዎን ከነማዕረግዎ እነግርልዎታለሁ።